ሰኞ ወላጅ ይዛችሁ ኑ

ብረት በብረት ሲመታ በሰማሁ ቁጥር ልቤ ቀድሞኝ ዳገት ይወጣል። ዲላ ውስጥ ከቤቴ ዝቅ ብሎ አንድ ጎሚስታ አለ፤ ጠዋት ጠዋት ከመኪና ያወለቀውን ቸርኬ መሬት ላይ ጥሎ በመዶሻ ሲቀጠቅጠው ድምፁ ግድግዳዬን አልፎ ይገባና፣ እኔ አሮጊቷ፣ የሻይ ብርጭቆዬን እንደያዝኩ «አረፈድኩ!» ብዬ ብድግ ልል እደርሳለሁ። ልጄ ይህን አይታ ትስቅብኛለች። «እማዬ፣ ጡረታ ከወጣሽ ስንት ዘመንሽ፣ አሁን ማን ይቀጣሻል?» ትለኛለች። ትሳቅ። እሷ የተማረችበት ትምህርት ቤት ደወሉ የኤሌክትሪክ ነበር፤ ቸርኬ ምን ምን እንደሚናገር በምን ታውቃለች?

የእኛ ትምህርት ቤት ከወናጎ ወጣ ብሎ፣ ከመኪናው መንገድ ሽቅብ በሚወስደው ዳገት ጫፍ ላይ የተሠራ፣ ግድግዳው ጭቃ ክዳኑ ቆርቆሮ የሆነ ቤት ነበር። ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ ፎቶግራፋቸው ከጥቁር ሰሌዳው በላይ ተሰቅሎ፣ ብንሳሳትም ባንሳሳትም እኩል ያየን ነበር። ደወላችን ከሜዳው ዳር ካለ ትልቅ ዋንዛ ላይ በሰንሰለት የተንጠለጠለ የጭነት መኪና ቸርኬ ነበር። በእኛ አገር ቤቶች በእንሰትና በቡና ተውጠው አንዱ ከሌላው ስለማይታይ፣ ዓይን የማይደርስበት ሁሉ ጆሮ ይደርስ ነበር፤ ቸርኬው በጥድፊያ ሲመታ መግቢያ ነው፣ ሲንቀራፈፍ መውጫ ነው፣ የእረፍቱ ሲደወል ደግሞ እናቴ እንሰት ከምትፍቅበት ቀና ብላ ጎመኑን እሳት ላይ ትጥዳለች። ሰዓት የሚባል ነገር ቤታችን ኖሮ አያውቅም፤ ጎመኑ ግን አንድም ቀን አርሮ አላየሁም።

ዲሬክተራችን ጋሽ አሰፋ ይባሉ ነበር፤ ከወደ ሰሜን፣ ከደጋ አገር ተመድበው የመጡ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ዝናብም ሆነ ፀሐይ ኮታቸውን የማያወልቁ ሰው ነበሩ። ከሰዓት በኋላ ባንዲራ ሲወርድ ድንጋይ ላይ ይወጡና፣ «ለየቤተሰባችሁ እንዲህ ብላችሁ ትነግራላችሁ» ብለው የዕለቱን መልእክት ይሰጡናል። ቅማል ስለገባ ፀጉራችሁን ተላጭታችሁ ኑ፣ ዓርብ የጽዳት ቀን ነውና መጥረጊያ ያዙ፣ የክትባት ሰዎች ስለሚመጡ እናቶች ልጆቻቸውን እንዳይደብቁ፣ ከብት ሜዳው ላይ አይለቀቅ። ጋዜጣው እኛ፣ ፖስተኛው እኛ፣ አስተርጓሚውም እኛው ነበርን፤ መልእክቱን እንዳንረሳው በአማርኛ እየጮህን ዳገቱን ስንወርድ፣ ወንዙን ስንሻገር በጌዴኦኛ እንለውና፣ ቤት ስንደርስ ደግሞ እንደየአመላችን ትንሽ ትንሽ ጨምረንበት እናደርሰው ነበር።

አንድ ጊዜ፣ መስከረም ላይ መሰለኝ፣ ክረምቱ የጎዳውን ግድግዳ ለመምረግ አስበው፣ «እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ሸክም የጤፍ ጭድ ይዞ ይምጣ» አሉ። ወይ ጉድ! ጤፍ በእኛ አገር ከዲላ ገበያ የሚገዛ እህል ነው እንጂ ጭዱን ማን አይቶት ያውቃል? እናቶቻችን ተጨነቁ፣ ተመካከሩ፤ በመጨረሻም ዲሬክተሩን አናሳፍርም ብለው ሁሉም ደረቅ የእንሰት ቅጠል አሸክመው ላኩን። ጋሽ አሰፋ ሜዳው ላይ የተከመረውን ቅጠል ለረጅም ጊዜ ቆመው አዩትና፣ ኮታቸውን ያወለቁት ያን ቀን ብቻ ነው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ከጭቃው ጋር ይረግጡት ጀመር። ግድግዳውም ያዘ። በጎ ሰው ነበሩ፤ አገሩን ግን ገና አያውቁትም ነበር።

ትምህርት ቤት ያስገባኝ አባቴ ራሱ ነው፤ ያስገባኝም በመስከረም፣ የሞተውም በዚያው ዓመት በጋ ነበር። ከዚያ ወዲያ እኔና እናቴ ብቻ ቀረን። እናቴ ጌዴኦኛ እንጂ አማርኛ አትናገርም፣ ከጨዋ ሰውም ፊት አፏ ይያዛል፤ እኔ ግን ከትምህርት ቤት ስመለስ እጇን ከእንሰቱ ሳታነሳ፣ «እህ፣ ዛሬ ዳገቱ ምን አለ?» ብላ ሳትጠይቀኝ አትቀርም ነበር። ያለውን እነግራታለሁ። ቀጥላ የተማርኩትን ትጠይቀኛለች፤ መሬቱ ላይ በእንጨት ፊደል ስጽፍላት እግሯን ሰብስባ፣ እንዳትረግጠው ተጠንቅቃ ታልፈዋለች። አባቴ ትቶልኝ የሄደው ነገር ያ ትምህርት ቤት መሰለኝ፤ እሷም እንደዚያ ሳይመስላት አልቀረም።

ጥቅምት ሲገባ ግን ዳገቱ ቢናገር የሚሰማው አልነበረም። ቡናው ይቀላል። ቡና አንዴ ከቀላ ጊዜ አይሰጥም፤ ዛሬ ያልተለቀመው ነገ መሬት ይረግፋል፣ ዝናብ ካገኘው ይበላሻል። ዓመቱን ሙሉ ሲጠበቅ የኖረው ልብስ፣ ጨው፣ የቤት ክዳን፣ ሠርግ፣ ሁሉም በዚያች ቀይ ፍሬ ውስጥ ነው። ስለዚህ እጅ ያለው ሁሉ ቅርጫቱን ወገቡ ላይ አስሮ ከቡናው ሥር ይገባል፤ ልጅማ የታችኛውን ቅርንጫፍ ለመልቀም የተፈጠረ ነው የሚመስለው። ደወሉ ሲመታ እኔና እናቴ ቀና እንልና፣ ተያይተን ወደ ቅርንጫፋችን እንመለስ ነበር። «ነገ ትሄጃለሽ» ትለኛለች፤ ነገ ግን በማግስቱም ነገ ነበር።

አንድ ዓመት፣ ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ጋሽ አሰፋ ትዕግሥታቸው አለቀ። አንድ ዓርብ እናቴ ለቅቃኝ ሄጄ ነበርና በጆሮዬ ሰማሁት። ባንዲራው ሲወርድ ከፊታቸው የቆምነው በጣት የምንቆጠር ልጆች ነበርን፤ ድንጋዩ ላይ ወጡና ድምፃቸውን ሳይጨምሩ፣ «ሰኞ እያንዳንዱ ተማሪ ወላጁን ይዞ ይምጣ። ወላጅ ያላመጣ ከዚህ በር አያልፍም፣ ስሙም ይሰረዛል። ለቀሩትም ንገሩ» አሉ። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። ዳገቱን ስወርድ የያዝኩት መልእክት ጨምሬበት የማደርሰው ዓይነት አልነበረም፤ ወንዙ ጋ ቆሜ አለቀስኩ።

እናቴ ስነግራት ቅርጫቷን አወረደች። ሰኞ ከቡናው ብትለይ የምትተካት እጅ የለችም፣ ጎረቤቱም ሁሉ በየራሱ ቡና ውስጥ ነው፤ ከዚያ ሁሉ የባሰው ግን ሌላ ነበር። «እኔ ዲሬክተሩ ፊት ቆሜ ምን እላለሁ?» አለችኝ። «ይጠይቀኛል፣ አልሰማውም። እመልሳለሁ፣ አይሰማኝም። አባትሽ ቢኖር…» ብላ ሳትጨርሰው ፊቷን አዞረች። እኔም ከዚያ በላይ አልጠየቅኋትም። ሰኞ ስሜ እንደሚሰረዝ ቁርጡን አወቅሁ።

በእኛ አገር ሶንጎ የሚባል ነገር አለ፤ ሽማግሌዎች ትልቅ ዛፍ ሥር ተሰብስበው ነገር የሚያዩበት፣ ጥል የሚያበርዱበት፣ ወሬም የሚነገርበት ቦታ ነው። እዚያ የሚቀመጥ ሽማግሌ ሀይቻ ይባላል። የዲሬክተሩ መልእክት በየቤቱ ደርሶ ሰዉ ሁሉ ሲንጫጫ፣ እሑድ ከጸሎት በኋላ ነገሩ ሶንጎ ላይ ወጣ። ሽማግሌዎቹም ከጥንት ጀምሮ ከውጭ ጥሪ ሲመጣባቸው የሚያደርጉትን አደረጉ፦ ከመካከላቸው አንድ ሰው የሁሉን ቃል ይዞ ይሂድ ተባለ። ጭቃ ሹሙ ሲጠራ እንደዚያ ነው፣ ፍርድ ቤት ሲጠራ እንደዚያ ነው፤ ትምህርት ቤትስ ቢሆን በምን ይለያል? የተመረጡትም ሀይቻ ጅሎ ነበሩ፤ ጉልበታቸው የሚንቋቋ፣ ጥቁር ጃንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ የሚይዙ፣ በዲላ ገበያ የተማሩት አማርኛ ያላቸው ሽማግሌ። አማርኛቸው ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» የሚል ነበር፣ ግን ፈርቶ የሚቆም አማርኛ አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት ዳገቱን የወጣነውን አወጣጥ መቼም አልረሳውም። ከፊት ሀይቻ ጅሎ ጃንጥላቸውን እየተመረኮዙ፣ ከኋላ የአካባቢው ልጅ ሁሉ፣ ከትምህርት ቀርቶ የሰነበተውም ያልቀረውም፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ተሰልፎ። ጋሽ አሰፋ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ከኋላችን አሻግረው አዩ፣ መንገዱን አዩ፣ ማንም አይመጣም።

«ወላጆቻችሁስ?» አሉ።

ሁላችንም እጃችንን ዘርግተን ሀይቻ ጅሎን አሳየን።

«እኚህ የማን ወላጅ ናቸው?»

«የኔ!» አልን ሁላችንም ባንድ ድምፅ።

የጋሽ አሰፋ የአንገት ሥር ተገታተረ። ተመካክረን የቀለድንባቸው ነበር የመሰላቸው። ሊጮሁብን አፋቸውን ሲከፍቱ ሀይቻ ጅሎ ጃንጥላቸውን ከፍ አደረጉና፣ «አንቺ ዲሬክተር፣ አትቆጪ» አሉ። «ወላጅ ይምጣ አልሽ፣ መጣ። እኔ ነው።» ትልልቆቹ ልጆች አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ጋሽ አሰፋ ግን፣ ምስጋና ይግባቸውና፣ አልሳቁም።

«አባቴ፣ እኔ የጠራሁት የእያንዳንዱን ልጅ አባትና እናት ነው። አንድ ሰው የዚህ ሁሉ ልጅ ወላጅ ሊሆን አይችልም።»

«ለምን አይችልም? ይሄ ሁሉ ልጅ ሲወለድ የመረቀ እኔ ነው። ሲጣላ የሚያስታርቅ እኔ ነው። ዛፍ ላይ ሲወጣ የሚቆጣ እኔ ነው። አባት ቡና ላይ ነው፣ እናት ቡና ላይ ነው። ቡና አይጠብቅም፤ እኔ ይጠብቃል፣ መጣ።»

ጋሽ አሰፋ ኮታቸውን ሳብ ሳብ አደረጉ። ከበላይ የሚጠይቃቸው አለቃ አለ፣ ክፍሉ ባዶ ነው፣ ከፊታቸው ደግሞ አንድ ሽማግሌና አንድ ሜዳ ሙሉ ልጅ ቆሟል። በኋላ ሲያጫውቱን እንደነገሩን ሽማግሌውን አስፈራርተው ሊመልሱ አስበው ነው እንዲህ ያሉት፦ «መልካም። እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ አንድ ልጅ በቀረ ቁጥር የምጠራው እርስዎን ነው። ደወል አስደውላለሁ፣ ይህን ዳገት ወጥተው ልጁ ለምን እንደቀረ ይነግሩኛል። ይስማማሉ?»

ሀይቻ ጅሎ ዘወር ብለው የወጡትን ዳገት አዩት። ጉልበታቸውንም ያዩት መሰለኝ። ከዚያ ቀስ ብለው ጎንበስ አሉና ከሜዳው እርጥብ ሳር ነቅለው በእጃቸው ያዙ። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ የተናገረውን አይመልስም። «ትጠሪያለሽ፣ እኔ ይመጣል» አሉ። ጋሽ አሰፋ የሳሩን ነገር አያውቁም ነበር፣ እኛ ግን እናውቅ ነበርና ሳቃችን ባንዴ ጠፋ። በሩ ተከፈተልን። እኔም ስሜ ሳይሰረዝ፣ ወላጅ እንዳለው ልጅ ቀና ብዬ ገባሁ።

ማታ ሶንጎ ላይ ሌሎቹ ሽማግሌዎች ሀይቻ ጅሎን መቀለጃ አደረጓቸው ተባለ። «ቃላችንን አድርስ ብለን ላክንህ እንጂ ጉልበትህን ሸጠህ ና አልንህ?» አሏቸው። ቢሆንም ሳር ተነቅሏል። የትምህርት ቤቱ ዘበኛም ልጅ ሲቀር የሚመታውን አዲስ አመታት አወጣ፤ ሁለት ሁለት ጊዜ፣ ኳ ኳ፣ ዝም፣ ኳ ኳ፣ ዝም። ያን ጊዜ ጃንጥላው ከእንሰቱ መሀል ብቅ ይልና ዳገቱን ይያያዘዋል። በመጀመሪያው ሰሞን ሀይቻ ጅሎ ያልወጡበት ቀን አልነበረም። ወጥተው፣ የቀረውን ልጅ ስም ሰምተው፣ ምክንያቱን ተናግረው፣ ትንፋሻቸው እስኪመለስ እኛ ክፍል የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጡና እንቅልፍ ይወስዳቸው ነበር። ማባዛት የተማርኩት በእሳቸው ማንኮራፋት ታጅቤ ነው።

ሰዉ ይህን ከቡናው ሥር ሆኖ ያይ ነበር። ዲሬክተሩ ቢቆጣ ምንም ያልመሰለው ሰው ሁሉ፣ ያ ሽማግሌ በእሱ ልጅ ምክንያት ዳገት ለዳገት ሲንከራተት ሲያይ ግን አንገቱን ደፋ። እናቶች ልጆቻቸውን፣ «ተነስ፣ ሀይቻ ጅሎን ዳገት ልታስወጣብኝ ነው እንዴ!» እያሉ በጠዋት ማባረር ጀመሩ። ጎረቤት ለጎረቤት እየተጋገዘ በደቦ መልቀም መጣ፤ እኛም ከትምህርት ቤት ስንመለስ ቅርጫታችንን አስረን እስኪመሽ እንለቅም ነበር። ኅዳር ሲጋመስ ኳ ኳው እየተራራቀ፣ እየተራራቀ ሄደ።

በጋው ሲገባ ግን ሀይቻ ጅሎ ሳይጠሩም ይወጡ ጀመር። ለምደውት ነው መሰለኝ። ቡናው በየደጁ ተሰጥቶ ሲደርቅ፣ መንገዱ አቧራ ሲሆን፣ እሳቸው ከጋሽ አሰፋ ጋር ዋንዛው ሥር ተቀምጠው ያወራሉ፤ አንዳቸው አገሩን፣ ሌላኛቸው አማርኛውን እየተማሩ ይመስል ነበር። የትምህርት ቤቱ ወሬ ከዚያ ወዲያ በሁለት መንገድ ይወርድ ጀመር፤ በእኛ አፍ ተጨማምሮበት፣ በእሳቸው አፍ ደግሞ ተጣርቶ። ክትባቱ የመጣ ጊዜ ሶንጎ ላይ እጃቸውን ገልጠው የተወጉበትን አሳይተው፣ «ያማል፣ ግን አይገድልም» ስላሉ ልጇን የደበቀች እናት አልነበረችም። እናቴም ሁሉን ከሶንጎ ሰምታ ታውቀው ነበር፤ ቢሆንም ስመለስ፣ «ዛሬ ዳገቱ ምን አለ?» ማለቷን አልተወችም። ጥያቄው ወሬ ለመስማት እንዳልነበረ የገባኝ እኔም እናት ስሆን ነው።

በልጉ ያን ዓመት በኃይል ዘነበ። አንድ ጠዋት እናቴ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ወንዙ ዳር ያለው ጭቃ አዳለጣትና እግሯ ተሰበረ። ወጌሻ መጥቶ በቀርከሃ አሰራት፣ ተኝታም ቀረች። እኔ ስለ ትምህርት ቤት ማሰብ ተውኩ፤ ውሃው፣ እንጨቱ፣ እሳቱ የኔ ሆነ። ጥቂት ቀን የሀይቻ ጅሎን ደወል እየሰማሁ ዋልኩ፤ ዳገቱን ወጥተው፣ «እናቷ ታማለች» ብለው ይመለሱ ነበርና ጋሽ አሰፋም ስሜን አልሰረዙም።

ያን ጊዜ ነው አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ፣ ከፍስሐ ገነት የመጣው። እዚያ ቡና ይነግድ ነበር፤ ሚስቱ ከአራስ ቤት መውጣቷ ነው፣ ለሥራ ያልደረሱ ሌሎች ልጆችም አሏቸው። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ይህን ማንም እንዲሳሳት አልፈልግም፤ አባቴ ከሞተ ጀምሮ ጨውና ልብስ ሳያስቀር የሚልክልን እሱ ነው። እናቴ ራስጌ ተቀምጦ፣ «አንቺን የምታይ ሴት ከኛ ዘንድ እልክልሻለሁ» አላት። «ልጅቷን ደግሞ ልውሰዳት። ልጆቹን ትይዝልናለች፣ በልታ ታድራለች። እዚያም ትምህርት ቤት አለ።» እዚያ ትምህርት ቤት መኖሩ እውነት ነው፤ ልጅ አዝላ የተማረች ልጅ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። እናቴም ይህ አልጠፋትም። ቢሆንም የባሏ ወንድም ነው፣ ውለታው አለባት፣ እግሯ ታስሯል፣ «አንተ እንዳልክ» አለችው። ከዚያ ቀሚሴን ጠቅልላ ስታስርልኝ ቋጠሮው እምቢ አላት፤ ደጋግማ ፈታችው፣ ደጋግማ አሰረችው።

በማግስቱ ጠዋት ተነሳን። ወደ መኪናው መንገድ የሚያወጣው የእግር መንገድ ከዳገቱ ሥር ነው የሚያልፈው። አጎቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ቋጠሮዬን አቅፌ። ልክ ዳገቱ ሥር ስንደርስ ቸርኬው ተመታ፤ ኳ ኳ፣ ዝም፣ ኳ ኳ። የቀረችው እኔ ነበርኩ። ባለሁበት ቆምኩ። አጎቴም፣ «ምን ሆንሽ?» ብሎ ሲዞር፣ ጃንጥላው ከእንሰቱ መሀል ብቅ አለ።

ሀይቻ ጅሎ እኔን አዩ፣ ቋጠሮዬን አዩ፣ አጎቴን አዩ። ሰላምታ ተሰጣጥተው፣ ስለ ከብቱ ስለ ልጁ በደንብ ተጠያይቀው፣ ነገሩ ከዚያ በኋላ መጣ፤ በጌዴኦኛ ነበርና የሽማግሌው አንደበት ያን ጊዜ አይሰበርም።

«ይህችን ልጅ የት ትወስዳታለህ?»

«ወደ ቤቴ ነው አባባ። እናቷ እንደምታውቁት ነች። የወንድሜ ልጅ ናት፣ ብወስዳት ነውር አለው?»

«ነውር የለውም። የወንድምህ ልጅ ናት» አሉ። «የኔም ልጅ ናት። ዲሬክተሩ ፊት እርጥብ ሳር ነቅዬ ነው ወላጇ ነኝ ያልኩት። ደወሉን ሰማኸው? የሚጠራው እኔን ነው። አሁን ወጥቼ ምን ልበለው?»

«ሄደች በሉታ።»

«ማን ወሰዳት ቢለኝስ? ወላጇ እኔ ነኝ ብያለሁ። ታዲያ ወላጇ ሳያውቅ ሄደች ልበል?»

አጎቴ በዚያ ሶንጎ ሥር ያደገ ሰው ነው። መሬት መሬት አየ። ፊቱ ላይ ንዴትም እፍረትም ነበረ። «አባባ፣ እኔ ለክፋት መሰልኳችሁ? ሴትየዋ ተኝታለች። ልጅቷ ካልመጣችልን ከኛ ቤት ሴት ልልክላት አልችልም፤ ማን ያያታል? ማን ውሃ ይቀዳላታል? ይህን መልሱልኝና ልተዋት» አለ።

«ክፉ አይደለህም፤ ብቻህን አስበህ ነው» አሉት። «ለኛም ንገረን እንጂ። ዛሬ ሶንጎ ላይ እናገራለሁ፤ ሴቶቹ በተራ ይገባሉ። ውሃውን ጠዋት ልጅቷ ትቅዳ፣ ከሰዓትም ትመለሳለች። አንተ ጨውህን ላክ።» ከዚያ ወደ እኔ ዘወር አሉና፣ ቆጣ ብለው፣ «አንቺ ደግሞ ምን ቆመሻል? ጉልበቴን ልትጨርሺው ነው? ውጪ!» አሉኝ።

ወጣሁ። ሀይቻ ጅሎ ከኋላ፣ አጎቴ ደግሞ፣ ይህን እስከ ዛሬ አልረሳለትም፣ ቋጠሮዬን ከእጄ ተቀብሎ እስከ በሩ ድረስ መጣ። ጋሽ አሰፋን እጅ ነስቶ፣ «ያዘገየኋት እኔ ነኝ» አላቸው። ከዚያ ቋጠሮዬን ወደ ቤት መለሰልኝ። እናቴ ቋጠሮው ብቻውን ሲገባ ስታይ ወንዝ የወሰደኝ መስሏት እንደጮኸች በኋላ ሴቶቹ ነገሩኝ፤ ነገሩን ስትሰማ ደግሞ ስቃም አልቅሳም አላባራችም አሉ።

ሰኔ ላይ የካርድ ቀን ነበር። ወላጆች ሁሉ ተጠርተው፣ ቡና ስላልነበረ ብዙዎቹ መጥተው ነበር፤ ሀይቻ ጅሎ ግን ከፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጋሽ አሰፋ ስም ሲጠሩ ተማሪው ይወጣል፣ ወላጁ ይነሳል። የመጀመሪያው ልጅ ስም ሲጠራ አባቱ ተነሳ፣ ሀይቻ ጅሎም ተነሱ። የሁለተኛውም ሲጠራ እናቱ ተነሳች፣ እሳቸውም ተነሱ። እንደዚህ ሲነሱ ሲቀመጡ ጉልበታቸው ደከመና ጃንጥላቸውን ተደግፈው ቆመው ቀሩ። ሰዉ ይስቅ ነበር፣ እሳቸው ግን ቀልድ አልነበራቸውም። የኔ ስም ሲጠራ እናቴ ከኋላ፣ ምርኩዟን ይዛ፣ እንዳትታይ ከሰው ትከሻ ጀርባ ቆማ ነበር። ሀይቻ ጅሎ ዞረው አዩዋት። ከዚያ፣ ለዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሆን ብለው ቁጭ አሉ። «አንቺ ነሽ እኮ፣ ነይ» አሏት። እናቴ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል፣ በምርኩዟ፣ አንከስ አንከስ እያለች መጣችና ካርዴን ከዲሬክተሩ እጅ ተቀበለች። አማርኛ አላስፈለጋትም።

ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር ሆነ። እኔ ራሴ አስተማሪ ሆኜ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ሀይቻ ጅሎም እናቴም ካረፉ ቆየ፤ ያ ዋንዛ ይኑር አይኑር አላውቅም። ዛሬ የልጅ ልጄ የምትማርበት የዲላው ትምህርት ቤት መልእክቱን በስልክ ነው የሚልከው፤ ስልኬ ጢጥ ትልና «ውድ ወላጆች» ትላለች፤ የፈተናው ቀን፣ የደንብ ልብሱ፣ የክትባቱ፣ ሁሉም ቃል በቃል፣ ማንም ሳይጨምርበት። እውነቴን ነው፣ ይሄ ጥሩ ነገር ነው፤ ጤፍ ጭድ አምጡ ቢሉን እንኳ መልሰን መጠየቅ እንችላለን። ብቻ መልእክቱ ለእያንዳንዳችን በየእጃችን ይመጣና፣ እያንዳንዳችንም ስለ አንዲት ልጃችን አንብበን እንዘጋዋለን።

ባለፈው የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። ልጄ ሥራ ስለነበረባት ባጃጅ ይዤ እኔ ሄድኩ። መምህርቷ፣ የኔን ተማሪዎች የምታህል ልጅ ናት፣ ስም እየጠራች ወላጁ ሲነሳ ስለ ልጁ ታወራለች። የልጅ ልጄ ተጠራች፣ ተነሳሁ፣ ጎበዝ ናት ግን ታወራለች ተባልኩ፤ ከማን ወርሳው ነው ብዬ ተቀመጥኩ። ቀጥሎ የአንዲት ሌላ ልጅ ስም ተጠራ። የሚነሳ የለም። እንደገና ተጠራ። ልጅቷ በሩ አጠገብ፣ ቦርሳዋን አቅፋ ቆማ፣ ወደ መንገዱ ትመለከታለች። አላውቃትም፣ የማን እንደሆነችም አላውቅም። ግን ጉልበቴ ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ተነስቻለሁ።

«እማማ፣ የእርስዎን ልጅ እኮ ጨርሰናል» አለችኝ መምህርቷ በትሕትና።

«አውቃለሁ ልጄ፣ ቀጥዪ» አልኳት፤ ልጅቷም ከመንገዱ ላይ ዓይኗን አንስታ ዞረች።